የቀይ ዘይቱ ሒሳብ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ሪፖርቱ ቀጥሎ የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን የሒሳብ ሪፖርት አሁን ሰምታችኋል። ገቢና ወጪው ተነቧል፤ የኦዲተሩም አስተያየት ተሰምቷል። በሪፖርቱ ውስጥ "የተሽከርካሪ ጥገና" የምትል አንዲት መስመር አለች። ከሌሎቹ ወጪዎች ጋር ስትታይ ትንሽ ስለሆነች ማንም ጥያቄ አላነሳባትም። እኔ ግን ስለዚያች መስመር የምናገርበት ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጠኝ ሰብሳቢያችንን ለምኜ ነው የቆምኩት። በዚያች መስመር ውስጥ የእኔ ስህተት አለ። ስህተቱ በቁጥር አይታይም፤ ሒሳቡ ይዘጋል፣ ድምሩም ይገጥማል። ስለዚህ በአፌ ልናገረው ይገባኛል።

ሁላችሁም እንደምታውቁት መኪናችን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 የተሠራች አውቶማቲክ ኮሮላ ስቴሽን ናት። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ደጋፊያችን ሲለግሱን ዕድሜዋ የገፋ ቢሆንም ሞተሯ ጤነኛ ነበር። ከእህል በረንዳ በርበሬና አተር ጭና ወደ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ወደ ግቢያችን፣ ከግቢያችን ደግሞ የተዘጋጀውን ሽሮና በርበሬ ይዛ ወደ ሱቆች ትሄዳለች። ከእሷ በፊት ለጭነት መኪና ኪራይ ምን ያህል እንከፍል እንደነበር ነባር አባላት ታስታውሳላችሁ። ትርፋችንን የሚበላው እሱ ነበር።

መኪናዋን የሚነዱልን አባላችን ሃምሳን የተሻገሩ እናት ናቸው። መንጃ ፈቃድ ያወጡት ማኅበሩ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። ስማቸውን ትተን ሁላችንም "እትዬ ሾፌር" ነው የምንላቸው። ዛሬም እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል። ይህን ንግግር ከማድረጌ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቄ ሰጥተውኛል።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። እትዬ ሾፌር ወደ ቢሮ መጡና "ልጄ፣ የካምቢዮ ዘይት ጎድሏል፤ አንድ ሊትር ይገዛልኝ" አሉኝ። የግዢ መጠየቂያ ሞላሁ፤ ተገዛ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። በሚቀጥለውም መጡ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ዘይት ብቻ አልጠየቁም። "ከታች ያለው ቱቦ የሚያልበው ይመስለኛል፤ መካኒክ አይቶት ይቀየር" አሉኝ። እኔም በደንባችን መሠረት "እሺ እትዬ፣ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ያምጡልኝ" አልኳቸው።

አሁን ሳስበው ራሴን እታዘባለሁ። ስንዝር ለምታክል የጎማ ቱቦ ሦስት ፕሮፎርማ ማን ይጽፍላቸዋል? ሁለት ሱቅ ጠይቀው እንደሳቁባቸው ነገሩኝ። እኔ ግን ደንብ ደንብ ነው ብዬ ወረቀቱን ወደ ጎን አስቀመጥኩት። ዘይቱን ማጽደቅ ቀላል ነበር፤ ደረሰኝ አለው፤ በትንሽ ወጪ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ቱቦው "ጥገና" ስለሚባል ረጅም መንገድ አለው። ስለዚህ የሚፈሰውን እየገዛሁ፣ የሚያፈሰውን ቀዳዳ ግን ሳልነካ ቀጠልኩ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ደረሰኞቹን ደመርኳቸው። እስከዚያ 9 ሊትር ዘይት ገዝተናል። የሒሳብ ሠራተኛ ናትና ሥራዋ መጠራጠር ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም ለራሴ እንዲያ ነው ያልኩት። "ይህ ሁሉ ዘይት የት ነው የሚሄደው?" ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ቀን ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ መኪናዋ ያደረችበትን ቦታ አየሁ። ሲሚንቶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ነጥብ ብቻ ነበረች። በማግስቱም አየሁ፤ ያው ነው። በሳምንት አንድ ሊትር የምታፈስ መኪና እንዴት ቦታዋን ሳታበላሽ ታድራለች? ዘይቱ እየተሸጠ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ለኮሚቴው ጻፍኩ። ኮሚቴው እኔን አምኖ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣቸው። ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሾፌር አነበቡት፣ አጠፉት፣ ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡት፤ "እሺ ልጄ" ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ዘይት አልጠየቁኝም። እኔም በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ "የዘይት ወጪ በቁጥጥር ምክንያት ቀንሷል" ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ ዛሬም ፋይል ውስጥ አለ።

ወጪው ግን አልቀነሰም ነበር። ከእኔ መዝገብ ወጥቶ ወደ እሳቸው ቦርሳ ነው የገባው። መኪናዋ እንዳትበላሽ በራሳቸው ገንዘብ ዘይት እየገዙ ይጨምሩ ነበር።

የገና ሳምንት መጣ። ትእዛዝ የሚበዛበት ጊዜ መሆኑን ታውቃላችሁ። እትዬ ሾፌር ሁለት ኩንታል የተፈጨ በርበሬና ሽሮ ጭነው ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲወጡ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ነዳጅ ሲሰጡ ድምፁ ብቻ ይጨምራል። ሌላ ሰው ቢሆን ጥቂት ልግፋ ብሎ ይሞክር ነበር። እሳቸው ወዲያው ዳር ይዘው ሞተሩን አጠፉ፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉና ደወሉልን። ዕቃው በሌላ መኪና እስኪነሳ ቀኑ መሸ። ሁለት ሱቆች ትእዛዛቸውን ሰረዙ። ለበዓል ሳይደርስ የቀረ ዕቃ ከበዓል በኋላ ማን ይፈልገዋል?

መኪናዋ ተጎትታ ወደ አንድ ጋራዥ ሄደች። እዚያ ከሥር አዩዋት፤ ሆዷ በሙሉ ዘይት ነው። "ካምቢዮው ይውረድ፤ ፓራሊዮና ፍሪሲዮኖቹ ይቀየሩ" ተባለና ፕሮፎርማ ተሰጠን። የገንዘቡን መጠን ያየች ገንዘብ ያዣችን ዝም ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያን ያህል ገንዘብ ያለን በመጠባበቂያ ሒሳቡ ውስጥ ብቻ ነበር። የመጠባበቂያ ሒሳቡ ደግሞ አንዳችን ስንታመም ወይም ሐዘን ሲደርስብን የምንበደርበት ነው። ኮሚቴው ሁለት ምርጫ ቀረበለት፦ መጠባበቂያውን መንካት ወይም መኪናዋን እንዳለች መሸጥ። ለመሸጥ የሚያደላው ድምፅ ይበዛ ነበር።

የዚያኑ ቀን አንዷ አባላችን "ከመወሰናችን በፊት ልጄ ትያት" አለች። ልጅቷ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶ መካኒክ ተምራ ተቀጥራ የምትሠራ ናት። እሁድ ጠዋት የሥራ ልብሷን ለብሳ መጣች። እኔም አብሬ ቆምኩ። ለመማር ብዬ አልነበረም፤ ወጪውን ለመቆጣጠር ነበር። ግን ተማርኩ፤ የተማርኩትንም እንደገባኝ ልንገራችሁ። አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ ወይም ልጆቻችሁ የሚነዱ አላችሁና ይጠቅማችሁ ይሆናል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት ከሞተር ዘይት የተለየ ነው። በአብዛኛው ቀይ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ኤቲኤፍ ይሉታል። የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው እሱ ነው፤ ማርሽ እንዲይዝ የውስጡን ፍሪሲዮኖች የሚጫነውም እሱ ነው፤ ያለሰልሳል፣ ሙቀትም ይሸከማል። ይህን ሁሉ ሲሠራ ራሱ በጣም ይግላል። ስለዚህ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ፓምፕ የጋለውን ዘይት በአንድ ቱቦ ወደ ፊት ወደ ራዲያተሩ ይልከዋል። በእኛ መኪና ራዲያተር የታችኛው ክፍል ውስጥ ለዘይቱ ብቻ የተሠራ ማቀዝቀዣ አለ። ዘይቱ እዚያ ውስጥ ሲያልፍ በራዲያተሩ ውሃ ይበርድና በሌላ ቱቦ ወደ ካምቢዮው ይመለሳል። ሁለቱ መስመሮች አብዛኛው ክፍላቸው ብረት ነው። ሞተሩ ሲነቃነቅ ብረቱ እንዳይሰበር ጫፍ ጫፋቸው ላይ አጭር የጎማ ቱቦ አለ፤ እሱም በማሰሪያ ቀለበት ተይዟል። በአሮጌ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚደክመው ይህ ጎማ ነው። ሙቀት ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ማሰሪያውም ይላላል። ብረቱም ቢሆን ከማቀፊያው ጋር በሚፋተግበት ቦታ ይዝጋል፤ ይበሳል።

ከዚያ እኔን አንገቴን ያስደፋኝን ነገር ተናገረች። "ይህ መስመር የሚያፈሰው ሞተሩ ሲነሳ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ማፍሰሱም ከሞላ ጎደል ይቆማል። መንገድ ላይ ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፤ በስንጥቁ ይወጣል፤ ንፋሱ ደግሞ ወደ ኋላ ገፍቶ ሆዷን ይቀባዋል። ቆማ ባደረችበት ቦታ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ።" ሁለት ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ያየሁት ንጹሕ ሲሚንቶ ለካ ምስክር አልነበረም። ምስክሩ ከመኪናዋ ሥር ነበር፤ እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ አላየሁም።

ልጅቷ ማፍሰሻውን ለማግኘት መጀመሪያ የመኪናዋን ሥር በሳሙናና በውሃ አጠበች፤ በጨርቅ አደረቀች። የጎደለውን ዘይት ሞላች። ሞተሩን አስነሳችና ከሥር ንጹሕ ካርቶን ዘረጋች። "ዘይት ወደ ታችና ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የሚንጠባጠብበትን ሳይሆን ከሁሉ በላይና ከሁሉ ፊት ያለውን እርጥብ ቦታ ፈልጊ" አለችኝ። ባትሪ አብርተን አየን። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራዲያተሩ በኩል ካለው የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ ቀይ ዶቃ የመሰለ ጠብታ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ካርቶኑ ላይ የወደቀውም ቀይ ነው። የሞተር ዘይት ቢሆን ቡናማ ወይም ጥቁር ይሆን ነበር፤ የአየር ማቀዝቀዣ ውሃ ደግሞ ቀለም የለውም።

ቱቦውን በጣቷ ስትነካው ለስልሶ አብጦ ነበር። "ይህ የውሃ ቱቦ ነው። ለዘይት የተሠራ አይደለም" አለች። መኪናዋ ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት አንድ ሰው ለጊዜው ብሎ ያስገባው መሆን አለበት። ለውሃ የተሠራ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ማሰሪያውም መያዝ ያቅተዋል። ሌሎቹ ሦስቱ ጫፎች ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ እንደ ደረቀ እንጨት ጠንክረዋል።

አንድ ነገር ሳታይ ግን ወደ ጥገናው አልገባችም። ራዲያተሩ ከበረደ በኋላ ክዳኑን ከፈተች። "ማቀዝቀዣው ከውስጥ ተበስቶ ቢሆን ዘይትና ውሃ ይደባለቁ ነበር። ራዲያተሩ ውስጥ ወይም የካምቢዮው መለኪያ ዘንግ ላይ ሮዝ ወተት የመሰለ ነገር ብናይ ቱቦ መቀየር ዋጋ የለውም፤ መኪናዋም ከቦታዋ መንቀሳቀስ የለባትም። ውሃ የካምቢዮውን ፍሪሲዮኖች ያበላሻል" አለች። ውሃው ንጹሕ ነበር። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይትም ቀይ ነው፤ የመቃጠል ሽታ የለውም። ያኔ ፊቷ ፈካ። "ሾፌሯ በጊዜ ነው ያቆሙት" አለች። "ዘይት ጎድሎ እየተንሸራተተች ቢገፏት ኖሮ ፍሪሲዮኖቹ ይቃጠሉ ነበር፤ ያኔ የጋራዡ ፕሮፎርማ ትክክል ይሆን ነበር።"

እትዬ ሾፌር አጠገባችን ቆመው ነበር። ምንም አልተናገሩም። እኔም የዚያን ቀን ምንም አልተናገርኩም፤ አፍሬ ነበር።

ሰኞ ከእትዬ ሾፌርና ከልጅቷ ጋር ሱማሌ ተራ ሄድን። "የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦ" ብለን ነው የጠየቅነው። የመጀመሪያው ሱቅ የቤንዚን ቱቦ አወጣልን፤ ልጅቷ መለሰችው። ሁለተኛው የውሃ ቱቦ አወጣ፤ እሱንም መለሰችው። ሦስተኛው ላይ ጎኑ ላይ ኤስኤኢ ጄ1532 የሚል ጽሑፍ ያለበት አገኘን። ይህ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ የተሠራ ቱቦ ምልክት ነው። ስፋቱን በግምት አልገዛነውም፤ አሮጌውን ቱቦ ይዘን ሄደን ከእሱ ጋር አስተያይተን ነው። ለአራቱም ጫፍ የሚበቃ ቱቦ፣ ስምንት ማሰሪያ ቀለበትና መለኪያ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ዘይት ገዛን፤ በእኛ መኪና ዴክስሮን ነው። ደረሰኝ ተቀበልኩ። ስንዝር ስንዝር የሚያህሉ ቱቦዎች በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ገብተው በእጄ ስይዛቸው ክብደት እንኳ አልነበራቸውም።

ሥራው ይህን ይመስላል። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆመች፤ ሞተሩ እስኪበርድ ተጠበቀ፤ የጋለ የካምቢዮ ዘይት ቆዳ ያቃጥላልና። የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደገፉ። ፊቷ በክሪክ ተነሥቶ በብረት መቆሚያ ተደገፈ። ክሪክ ብቻውን የያዘው መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ ልጅቷ አጥብቃ ነግራናለች፤ እኔም አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ከሥር ሳፋ ተቀመጠ። አሮጌዎቹን ማሰሪያዎች በፒንሳ ጨምቃ ወደ ኋላ ሳበቻቸው። የደረቀውን ጎማ ግን አልጎተተችም። "በጉልበት ብጎትተው የራዲያተሩ አፍ ሊሰበር ይችላል፤ ያኔ ራዲያተር ልንገዛ ነው" አለችና በምላጭ ርዝመቱን ተከትላ ቀስ ብላ ሰነጠቀችው፤ ብረቱን እንዳትጭር ተጠንቅቃ። የብረቶቹን ጫፍ በጨርቅና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጸዳች። ጫፋቸው ላይ ከፍ ያለ ቀለበት መሳይ እብጠት አለ፤ ቱቦው እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ብረቱ በዝገት ተበስቶ ቢሆን ኖሮ የተበላሸውን ቆርጦ በዚሁ ዓይነት ቱቦ ማገናኘት ይቻል ነበር። ግን የተቆረጠው ጫፍ እንዲህ ያለ እብጠት ካልተሠራለት ቱቦው አንድ ቀን ወልቆ ዘይቱ በሙሉ በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ይፈስሳል ብላናለች። የእኛ ብረት ደህና ነበር።

አዲሶቹን ቱቦዎች ከእብጠቱ አልፈው በደንብ እስኪገቡ ገፋቻቸው። ማሰሪያዎቹን ከእብጠቱ ወዲያ አድርጋ በካቻቢቴ አጠበቀች፤ ጎማውን እስኪቆርጡ ድረስ ግን አይደለም። ቱቦዎቹ እንዳይታጠፉ፣ ማራገቢያውንና የጭስ ማውጫውን ቧንቧ እንዳይነኩ አየች። ዘይት በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ቢንጠባጠብ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና። ያፈሰው አንዱ ብቻ ሆኖ ሳለ አራቱንም ለምን እንደቀየረች ጠየቅኳት፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና። "እኩል አርጅተዋል። ለቀሩት ሦስቱ በሚቀጥለው ወር ትጠሪኛለሽ" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሳፋው ውስጥ የፈሰሰውን ለካች፤ ያንኑ ያህል አዲስ ዘይት በመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ በኩል ሞላች። እትዬ ሾፌር ሞተሩን አስነሱ። ፍሬን ረግጠው መምረጫውን ከመቆሚያው ጀምረው በየማርሹ አሳልፈው መለሱት። ትንሽ ተነድታ ስትሞቅ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘንጉ ወጣ፤ ተጠርጎ ተመልሶ ገባ፤ እንደገና ወጣ። ዘይቱ ለሙቅ ከተመለከቱት ሁለት ምልክቶች መካከል ነበር። "ከላይኛው ምልክት አታሳልፉት፤ ሲበዛ አረፋ ይሠራል፤ አረፋም ካምቢዮውን ይጎዳል" አለች። የተቀዳውን አሮጌ ዘይት ወደ ቱቦ እንዳንደፋው በጀሪካን አድርጋ ይዛው ሄደች። ሥራው በሙሉ ግማሽ ቀን አልፈጀም።

በማግስቱ እትዬ ሾፌር ባዶዋን መኪና ይዘው ያንኑ የሽሮ ሜዳ ዳገት ወጡ። ከዚያ ግማሽ ጭነት፣ ከዚያ ሙሉ ጭነት ጫኑ። በየማታው ከሥሯ ካርቶን ዘረጉ፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላም ጎንበስ ብለው ቱቦዎቹን በጨርቅ ጠረጉ። ጨርቁ ደረቅ ነው። ከጥር እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ ዘይት አልጨመርንም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልመለስ። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ብሩን ትቼ በዕቃ ልቁጠረው። የቱቦዎቹና የማሰሪያዎቹ ዋጋ ከሁለት ሊትር የካምቢዮ ዘይት ዋጋ ያነሰ ነው። እኔ ያንን ላለማውጣት 9 ሊትር ገዛሁ። እትዬ ሾፌር በኪሳቸው የገዙትን ስንጨምር 13 ሊትር ነው። በዚያ ላይ የመጎተቻ፣ የሌላ መኪና ኪራይና የተሰረዙ ሁለት ትእዛዞች አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነኝ። "ቆጠብኩ" ብዬ የጻፍኩት ነገር ቁጠባ አልነበረም፤ ያልተመዘገበ ዕዳ ነበር። በየሳምንቱም ወለድ ይወልድ ነበር።

ከገንዘቡ የሚብሰው ሌላ ነው። ይህን ማኅበር ያቋቋምነው የሚያምነን ስላጣን ነው። ባንክ ዋስ አምጡ አለን፤ ነጋዴ በዱቤ አልሰጥ አለን፤ አንዳንዶቻችንን የገዛ ዘመዶቻችን "ሴት ምን ታውቃለች" አሉን። እርስ በርስ ተማምነን ነው ከሁለት ሳምንታዊ ቁጠባ ተነሥተን እዚህ የደረስነው። እኔ ግን አንዲት እናት "ቱቦው ያልባል" ብለው ሦስት ጊዜ ሲነግሩኝ ወረቀት ጠየቅኳቸው፤ ወረቀት ሲያጡ ሌባ አደረግኳቸው። በየቀኑ ከመሪው ኋላ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ስለ መኪናዋ ከእኔ ደረሰኝ ይልቅ የእሳቸው ጆሮና አፍንጫ የበለጠ ያውቅ ነበር።

እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢሮ ውስጥ ለብቻችን ጠይቄዎት ይቅር ብለውኛል። ደብዳቤው ግን በማኅበሩ ስም ወጥቶ ስለነበር ይቅርታውንም በማኅበሩ ፊት መጠየቅ አለብኝ። ኮሚቴው ደብዳቤውን ሽሮታል፤ ከፋይልዎ ወጥቷል። በኪስዎ ያወጡት የአራት ሊትር ዘይት ገንዘብም ተመልሶልዎታል። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ግን አልሰረዝኩትም። ከጎኑ "ይህ ስህተት ነው" ብዬ ፈርሜበታለሁ። ከእኔ በኋላ የምትመጣው የሒሳብ ሠራተኛ ታንብበው።

ከዚህ ተነሥተን ሦስት ነገር ለውጠናል። አንደኛ፣ በመኪናዋ ውስጥ ደብተር አለ። ሾፌሯ በየሳምንቱ የሞተሩን ዘይት፣ የካምቢዮውን ዘይት፣ የራዲያተሩን ውሃና ከሥር የታየውን እርጥበት ይጽፋሉ፤ እኔ በየወሩ አንብቤ እፈርማለሁ። የሚደጋገም ነገር ሳይ ዋጋውን ከመደመሬ በፊት ምክንያቱን እጠይቃለሁ፤ ጎንበስ ብዬም አያለሁ። ሁለተኛ፣ ለአነስተኛ ጥገና ከትንሽ ወጪ ሒሳብ የተለየ መጠን ተመድቧል፤ ለእሱ አንድ ደረሰኝና የሾፌሯ ፊርማ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ትልቅ ጥገና ሲጠየቅ ከአንድ በላይ ባለሙያ ሳያይ አንወስንም። ሦስት ፕሮፎርማ ለዚያ ነው የሚያስፈልገው።

በመጨረሻም ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለኝ። መኪናውን፣ ወፍጮውን፣ ማድረቂያውን ሰጥታችሁናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕቃ ሲሰጥ ሥነ ሥርዓት አለ፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ለስንዝር ቱቦ ግን ሪባን የሚቆርጥ የለም። እኛም በፕሮጀክት ጽሑፋችን ውስጥ "ጥገና" የሚል መስመር ማስገባት አፍረን ቆይተናል፤ ለማኝ እንዳንመስል ብለን። ከዘንድሮ ጀምሮ እናስገባዋለን። የሰጣችሁን መኪና ረጅም ዓመት እንድታገለግለን የምትፈልጉ ከሆነ ያችን መስመር አትሰርዙብን። አባቶቻችን "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት በነጻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ቅጠሉም በጊዜው በእጅ መኖር አለበት።

መኪናዋ አሁን ውጭ ቆማለች። ከስብሰባው በኋላ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ እትዬ ሾፌር ኮፈኑን ከፍተው መለኪያ ዘንጉ እንዴት እንደሚነበብ ያሳዩዋችኋል። እኔም አብሬ እቆማለሁ። ጎንበስ ማለት ለምጃለሁ።